ክላሽ ከተኮስኩ ወዲህ ግራ ጆሮዬ ጭው ማለቱን አላቆመም፤ ይተወኛል?

የቢቸናው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በጣም ስለጨነቀኝ ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴ ቀብር ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። በእኛ አገር እንደምታውቁት ትልቅ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ይተኮሳል። ይፎከራል፣ ሙሾ ይወረዳል፣ ከዚያ ጥይት ይከተላል። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጠመንጃ የያዝኩት ልጅ ሆኜ አንዴ ብቻ ነው። የአጎቴ የበኩር ልጅ የአባቱን ክላሽ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና "አንተም የወንድም ልጅ ነህ፣ ሸኘው" አለኝ። እምቢ ማለት አልፈለግኩም። አጎቴ ያሳደገኝ ሰው ነው።

ከድንኳኑ ጎን በቆርቆሮው ጣሪያና በግንቡ አጥር መሃል ቆሜ ስድስት ወይ ሰባት ጥይት ወደ ላይ ተኮስኩ። ጆሮዬ ላይ ምንም አላደረግኩም። ከመጀመሪያዋ ጥይት በኋላ የሰዉ ለቅሶ በአንዴ ራቀብኝ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ አያለሁ፣ ድምፃቸው ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ሌሎቹም አጠገቤ እየተኮሱ ነበር። ማታውን ሁለቱም ጆሮዬ ድፍን አለ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቀኙ ተከፍቷል። ግራው ግን አልተመለሰም። ቀጭን ፉጨት አለው፣ አያቋርጥም፣ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይብሳል። ስልክ በግራ ጆሮዬ ሳነሳ የሚያናግረኝ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚያወራ ይመስለኛል። እናቴ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቄ ጠብ ላድርግልህ እያለች ነው። ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ጥቂት ቀን ልጠብቀው? ደግሞ ያልገባኝ ነገር፣ የተኮስኩት በቀኝ ትከሻዬ ነው፤ ታዲያ ለምን ግራው ተጎዳ?

ነርሷ፦

ወንድሜ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ። የምነግርህን ግን አሁኑኑ አድርገው። ነገ ሳትል ዛሬ ሂድ። አንገት በላይ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዳንተ ዓይነት ሰው በብዛት የሚመጣው ወር ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ነው፣ "ይተወኛል ብዬ ነው" እያለ። ከተኩስ በኋላ ጭው ማለትና መደፈን ብዙ ጊዜ በአንድ ወይ በሁለት ቀን ይለቃል። ያንተ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፣ አንዱ ጆሮ ተመልሶ ሌላው ቀርቷል። ይህ መጠበቂያ ጊዜ አይደለም። ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ስቴሮይድ ሊያዝልህ ይችላል፣ እሱም የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የጨጓራ ቁስለት ካለብህ አስቀድመህ ንገረው። ራስህ ከፋርማሲ ገዝተህ እንዳትጀምር፣ አደራ።

እናትህን በፍቅር እምቢ በላቸው። ዘይቱም ሽንኩርቱም አይገባም። ተኩስ የጆሮ ታምቡር ሊቀድ ይችላል፣ ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ የምታንጠባጥበው ነገር በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ታምቡሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ያለው ዘይቱ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ ነው። እስክትታይ ድረስ ውሃም አታስገባበት፣ በክብሪት እንጨትም አትነካካው። ሄድፎን ተወው። ጄንታማይሲን መርፌ ሰሞኑን ተወግተህ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ንገረው፣ እሱም ለብቻው ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት ነው።

ውስጡ ምን እንደሚሆን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሰው ካልገባው አይሄድም። በጆሮ ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለች፣ ከአተር ብዙም የማትበልጥ ክፍል አለች። እሷ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር የመሰለ ነገር ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ፀጉሮቹ ይወዛወዛሉ፣ ያን ውዝዋዜ ነው አንጎል ንግግር ወይ ዜማ አድርጎ የሚሰማው። የጤፍ ማሳ አስብ። ነፋስ ሲመታው ይተኛል፣ ነፋሱ ሲያልፍ ይነሳል፤ በዓል ቤት ስትጨፍር አድረህ ጠዋት የተደፈነው ጆሮህ ከሰዓት ሲከፈት የሆነው እሱ ነው። በረዶ ከወረደበት ግን አገዳው ይሰበራል። ጥይት በረዶው ነው። የተሰበረው የሰው ጆሮ ፀጉር ደግሞ እንደገና አይበቅልም። ዶሮ ላይ ይበቅላል፣ በጥናት ታይቷል፤ ሰው ላይ ግን እስካሁን አይበቅልም።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦

ልጄ፣ ለምን ግራው ብለህ ላልከው እኔ ልመልስልህ፣ የእኔም ግራው ነው። ጠመንጃ በቀኝ ትከሻህ ስትይዝ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ይተኛል፣ አንገትህ ይዞራል። ቀኝ ጆሮህ ከራስ ቅልህ ጀርባ ይከለላል። ግራ ጆሮህ ግን ወደ አፈሙዙ ዞሮ ድምፁን ፊት ለፊት ይቀበላል። ግራኝ ተኳሽ ከሆነ ተገላቢጦሹ ነው። አንተ ደግሞ ወደ ላይ ነው የተኮስከው፣ ግን በግንብና በቆርቆሮ መሃል ስለሆነ ድምፁ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ መትቶሃል።

በእኛ ጊዜ ማሠልጠኛ ስንገባ የጆሮ መድፈኛ የሚባል ነገር አላየንም። መትረየስ ላይ ነበርኩ። የተኩስ ልምምድ ያለ ቀን ማታ ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም እየተጯጯህን ነበር የምናወራው፣ ጠዋት ግን ደህና እንሆናለን። ስለዚህ ማንም አልፈራም። ጆሮ አንዴ አይደለም የሚሄደው፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ በየጊዜው ተመልሷል ስትል ትንሽ ትንሽ አስቀርቶብህ ነው የሚመለሰው። እኔ የነቃሁት በአርባዎቹ ዕድሜዬ ነው።

ሰው "አይሰማም" ሲባል ዝም ያለ ዓለም ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ነው የሚጠፋብኝ። ወፍራሙ ድምፅ ቀርቷል፣ ቀጭኑ ሄዷል። ሰ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ የሚባሉት ፊደላት ናቸው ቀድመው የጠፉት። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ሠራሁ" ስትለኝ "ፈራሁ" ያለች መስሎኝ "ማን አስፈራሽ?" ብዬ ተቆጥቻለሁ። ገበያ ላይ ሰባት ብር ሲሉኝ ሰባ ብር ይመስለኛል። ሰው እንዲደግምልኝ ስጠይቅ ይጮህብኛል፣ ጩኸት ደግሞ ቃሉን አያጠራልኝም፣ ያሳምመኛል እንጂ። ቀስ ብሎ ፊቴን እያየ ቢያናግረኝ ይበቃኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በማኅሌት ከበሮው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። ጸናጽሉ ግን አይሰማኝም። መርጌታዎቹ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ። ልጅ ሳለሁ እንዴት እንደሚል አስታውሰዋለሁ፣ እሱን እያስታወስኩ ነው የማስቀድሰው። አንተ ገና ወጣት ነህ። ሲስተር ያለችህን አድርግ።

የአርበኛ ልጅ፦

እኔ ግን ትንሽ አጋነናችሁት ባይ ነኝ። አያቶቻችን በምንሽርና በዲሞትፈር ጠላት ሲመልሱ ጆሯቸው ላይ ምን አደረጉ? በየሠርጉ በየለቅሶው ሲተኩሱ ኖረው ዘጠና ዓመት የኖሩ አሉ። ጆሮም እንደ እጅ ነው፣ ሲሠራበት ይለምዳል። ወንድማችንን አታስደንግጡት፣ ጥቂት ቀን ያርፍ፣ ይለቀዋል።

ሃምሳ አለቃ (ጡረተኛ)፦

ወንድሜ፣ አርበኛን እንደ አንተው አከብራለሁ። ግን በዘጠና ዓመታቸው እነዚያን ሽማግሌዎች ስናናግር ምን ያህል እንደምንጮህ ታስታውሳለህ? እርጅና ነው አልን እንጂ ማን መረመራቸው። ደግሞ ምንሽር አንድ በአንድ ነው፣ ጥይቱም ውድ ነበር፣ በስስት ነው የሚተኮሰው። ክላሽ ካዝናው 30 ይይዛል፣ የዛሬ ልጅ በአንድ ሠርግ የሚጨርሰውን አያቴ በዓመትም አልተኮሰው።

ይለምዳል ላልከው፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የጥይቱ ድምፅ አልቆረቆረኝም ስል ጆሮዬ ጠንክሮ አልነበረም። መስማት አቁሞ ነበር።

ነርሷ፦

ሃምሳ አለቃ ያሉት ልክ ነው። በጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የምትጨመደድ ትንሽ ጡንቻ አለች፣ ትንሽ ትከላከላለች። ጥይት ግን ከእሷ ይፈጥናል። እሷ ሳትነቃ ድምፁ ገብቶ ጨርሷል። ስለዚህ የሚለመድ ነገር የለም።

በቁጥር ለምትፈልጉ (የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው)፦ ሰው በተለመደው ድምፁ ሲያወራ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው 8 ሰዓት ሙሉ ከ85 እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። ለቅጽበታዊ ድምፅ የተቀመጠው ጣራ 140 ነው፣ ከዚያ በላይ አንድ ጊዜም ቢሆን ሊጎዳ ይችላል። ክላሽ በተኳሹ ጆሮ ላይ ከ150 በላይ ነው። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ብር አይቆጠርም፣ በየ10ሩ ጉልበቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ከ140 ወደ 160 ሲሄድ ሃያ የጨመረ ይመስላል፣ ጉልበቱ ግን መቶ እጥፍ ነው።

ዴንቨር ያለሁት፦

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር በወር አንዴ መተኮሻ ቦታ እንሄዳለን። እዚህ ጠመንጃው ላይ ልቅ ናቸው፣ ጆሮ ላይ ግን ቀልድ የለም። መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ሳታደርግ ከበሩ አያሳልፉህም፣ የማትተኩስ ተመልካች ብትሆንም። አገር ቤት ሄጄ ዘመዶቼ ቀለህ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ሲተኩሱ ሳይ ነው እኔም ያሰብኩበት። ቀለህ በልኩ የተሠራ አይደለም፣ ክፍተት ይተዋል፣ ቆዳም ይልጣል። ጥጥም እንዲሁ ነው፣ ያደረግክ ይመስልሃል እንጂ ድምፁ አልፎ ይገባል።

የሚሠራው ያቺ ስፖንጅ የመሰለች የጆሮ መድፈኛ ናት፣ ትንሿ ቢጫዋ ወይ ብርቱካኗ። ጥሩዋ ካርቶኗ ላይ 30 አካባቢ ዴሲቤል ትቀንሳለች ይላል። ግን በደንብ ከገባች ነው። ብዙ ሰው ጫፏን ብቻ ጆሮው በር ላይ ለጥፎ አደረግኩ ይላል። እንዲህ አድርጉ፦ በንጹህ እጅ በጣቶቻችሁ መሃል እያሽከረከራችሁ እንደ ጧፍ እስክትቀጥን ጠቅልሏት። በሌላኛው እጃችሁ ከራሳችሁ ኋላ ዞራችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፣ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ያኔ ፈጥናችሁ ከታችሁ በጣታችሁ ያዙት፣ ቀስ እያለች እስክታብጥ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ። በትክክል ከገባች የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ ያህል ይወፍርባችኋል፣ መግባቷን በዚያ ታውቃላችሁ።

ቤት ውስጥ ወይም በግንብ መሃል ከሆነ እኔ ከላይ ሄድፎን የሚመስለውንም እደርባለሁ። ሁለቱ ሲደረቡ እጥፍ አይሆኑም፣ ጥቂት ነው የሚጨምሩት፣ ግን ያ ጥቂት ያስፈልጋል። ሰው ሲናገር እያሰማ ጥይቱን ብቻ የሚቆርጥ በባትሪ የሚሠራም አለ፣ ውድ ነው። ሳይለንሰር እንደ ፊልሙ ጸጥ የሚያደርግ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ እያለም ድምፁ ከባድ ነው።

ሠርግ ቀራጭ፦

ቪዲዮ ነው የምቀርጸው። ተኩሼ ባላውቅም ተኳሾቹ አጠገብ እቆማለሁ፣ ምስሉ እዚያ ስለሆነ። ሰው ስለ ተኳሹ ብቻ ያወራል። እኔ ካሜራ ውስጥ የማየው ልጆቹን ነው። ቀለህ ለመልቀም ከተኳሹ እግር ሥር ይሻማሉ፣ የአራት የአምስት ዓመት ልጆች። ባለፈው አንዷ ልጅ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች እናቷ እጇን ስታስለቅቃት ቀርጫለሁ፣ "አይዞሽ፣ ደስታ ነው" እያለቻት። ለባለሠርጉ ስሰጠው ቆርጬ አወጣሁት፣ ከራሴ ግን አልወጣም።

ሁለት ወሬ፦

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ከተኮስኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ፉጨቱ አለ። ሐኪም አየኝ፣ ታምቡሩ ደህና ነው፣ ከዚህ በኋላ መድኃኒት የለውም ተባልኩ። እንቅልፍ አልተኛም። በቃ እንዲህ ልኖር ነው?

ነርሷ፦

አይዞህ ወንድሜ። "መድኃኒት የለውም" ማለት "ምንም አይደረግም" ማለት አይደለም፣ እንዲህ ብለው ሲሸኙ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ፉጨቱን የሚያጠፋ ክኒን የለም፣ ያ እውነት ነው። ለፉጨት ማጥፊያ እያሉ ጠብታ የሚሸጡልህን እንዳትገዛ። ግን አንጎል ፉጨቱን ችላ ማለት ይማራል፣ ጊዜ ይወስዳል። ፍጹም ጸጥታ ውስጥ አትተኛ። ቬንትሌተር ወይም በዝቅተኛ ድምፅ ሬዲዮ ክፈት፣ የዝናብ ድምፅ ስልክህ ላይ አለ። ፉጨቱን ብቻውን ስትሰማው ነው የሚገዝፈው። መስማትህ ቀንሶ ከሆነ የመስሚያ መሣሪያ ሲደረግ ለብዙ ሰው ፉጨቱም ይቀልለታል፣ ስለዚህ የመስማት ምርመራ አስደርግ፣ ታምቡር ማየት ብቻ አይበቃም። ጭንቀቱ ካየለብህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት አያሳፍርም፣ ለዚህ ችግር በደንብ የተፈተነው ሕክምና የንግግሩ ነው። ሕይወትህ እስኪያስጠላህ ከደረሰ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገር፣ ለእኔም ጻፍልኝ።

የቢቸናው ልጅ፦

ቆየሁባችሁ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ የጻፍሽልኝ ቀን ነው የሄድኩት። ታምቡሬ ደህና ነው። ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ሄድፎን አደረጉልኝ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እጫናለሁ። ቀኙ ላይ ቶሎ ቶሎ ነበር የምጫነው። ወደ ግራው ሲዞሩ መጀመሪያ ደህና ነበርኩ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ በመስታወቱ ቀና ብዬ ሳይ ሴትዮዋ ቁልፉን እየጨመረች ነው። እሷ እየላከች ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ወረቀቱን አሳዩኝ። መስመሩ ሜዳ ለሜዳ ሄዶ 4,000 ሄርዝ ላይ፣ ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ ገደል ይገባል፣ ከዚያ ትንሽ ይወጣል። ግራው እዚያ ላይ 55 ዴሲቤል ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስማት ቀንሷል ማለት ነው። ሐኪሙ ገና ሳያናግረኝ ወረቀቱን አይቶ "የት ተኮስክ?" አለኝ። ስኳሬን ለክተው ፕሪድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ አዘዙልኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሼ ስለካ 40 ሆኗል። ወደ ድሮው ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባልኝም። ስልክ በግራ አሁን ይሰማኛል። ፉጨቱ ቀን ቀን ይረሳኛል፣ ሌሊት አለ፣ ቬንትሌተር ከፍቼ ነው የምተኛው።

ሃምሳ አለቃ፣ ጸናጽሉን የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። እሱ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ነው የሚተኩሰው። ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "እኔ እኮ በግራ ስልክ ካወራሁ ዓመታት ሆነኝ" አለኝ። አብረን አድገን፣ ሁልጊዜ በቀኜ ተቀመጥ የሚለኝ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም ነበር።

የአጎቴ አርባ እየደረሰ ነው። እኔ አልተኩስም፣ ነግሬዋለሁ፣ አልተቀየመኝም። ሌሎቹ ግን መተኮሳቸው አይቀርም። ያቺን ስፖንጅ አዲስ አበባ የት ነው የማገኛት? ብዛት ያለው ነው የምፈልገው።

ሠርግ ቀራጭ፦

መርካቶ ውስጥ የራስ ቁርና የሥራ ጓንት የሚሸጡ፣ የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚባሉ ሱቆች ጋ ጠይቅ። በካርቶን ነው የሚሸጡት። ለልጆቹ ግን ስፖንጇ ትልቅ ትሆንባቸዋለች፣ እነሱን ራቅ አድርጉልኝ።

የቢቸናው ልጅ፦

አንድ ካርቶን ገዛሁ። ልጆቹ ሲተኮስ ከጓሮ በኩል ቤት ውስጥ እንዲሆኑ ከአጎቴ ሚስት ጋር ተነጋግረናል፣ በሩን እሷ ትይዛለች። ቀለሁን ሰብስቤ በኋላ እሰጣቸዋለሁ ብያለሁ።